ክፉ ቀን እንዳያልፈኝ

የአጎቴ ልጅ ደረጀ ከጥምቀት በኋላ ደወለና «የእታለምን ቤት ላፈርሰው ነው፤ የምትፈልጊው ነገር ካለ መጥተሽ ውሰጂ» አለኝ። ከደብረ ብርሃን አንኮበር በሚኒባስ ይህን ያህል ሩቅ አይደለም። እኔ ግን ለመቅረት ሰበብ የማላጣ ሰው ነኝ፤ ሰው ካልሞተ በስተቀር ወደዚያ አልሄድም። የእታለም ቤት ከፈረሰ ደግሞ ሰው እንደ ሞተ ይቆጠራል ብዬ ተነሣሁ።

የሚወሰድ ነገር አልነበረም። የጣሪያው አንድ ጎን ተቀዷል፤ ምድጃው ላይ ዶሮ ተኝታበታለች። ጓዳው ጥግ ትንሿ ጎታ ብቻ እንደ ድሮዋ ቆማለች። የዛሬ ልጆች ጎታን ከጎተራ አይለዩም። ጎተራ ውጭ የሚቆም ነው፤ ጎታ ግን ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት ቤት ውስጥ የምትሠራ የእህል ማስቀመጫ ናት። እዚያው ተሠርታ እዚያው ስለምትደርቅ ከበር አትወጣም። ከታች በኩል እህሉ የሚወርድበት ቀዳዳ አላት፤ ቀዳዳው የሚደፈንበት ጨርቅ ውታፍ ይባላል።

«ይቺ ናት የቸገረችኝ» አለ ደረጀ። «አትወጣ፣ አትሸጥ።»

ውታፉ የለም። ጎንበስ ብዬ እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁ። ባዶ ናት። እጄን አውጥቼ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ግን የቆየ ገብስ፣ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የጭቃ ሽታ አንድ ላይ መጣብኝ። እታለም ነቀዝ እንዳይገባ ቅጠሉን ከገብሱ ጋር እያነባበሩ ነበር የሚያስቀምጡት።

«ምነው፣ አይጥ ነከሰሽ እንዴ?» አለ ደረጀ ፊቴን አይቶ።

«ትንሽ ውጣልኝ» አልኩት።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ሰው እስካሁን ሰባ ሰባት ብሎ ብቻ የሚጠራው ዘመን ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ በፈረቃ መሥራት ጀምራ፣ በማታ ፈረቃዋ አብሮኝ የሚያድር ሰው ስላጣች፣ መስከረም ላይ ወስዳ ለአባቴ አክስት አስረከበችኝ። «እስክረጋጋ ነው» አለች። ይህን ስትል እኔንም እሳቸውንም አላየችም፤ የምታየው የእሳቸውን ላም ነበር።

አባቴን ያሳደጉት እኒህ አክስቱ ናቸው። እታለም ብሎ የጠራቸው እሱ ስለሆነ አገሩ ሁሉ እታለም ይላቸዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት። ክፉ አልነበሩም። ብቻ ወሬ አይወዱም። ከእኔ ጋር ከሚያወሩት ከላማቸው ጋር የሚያወሩት ይበልጥ ነበር፤ እሷንም ቢሆን «ቁሚ» እና «ሂጂ» ከማለት ብዙም አያልፉም።

ቤታችን ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። የቅርብ ጎረቤታችን አቶ ደግአረገ ሲሆኑ፣ እሳቸውም ቢሆኑ ጮክ ብሎ ካልተጣሩ የማይሰሙ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ጉም ከይፋት ቆላ ተነሥቶ ገደሉን ይወጣና መጀመሪያ የአቶ ደግአረገን ቤት፣ ቀጥሎ የጽድ ዛፉን፣ ከዚያ የእኛን አጥር ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ዓለም ላይ የቀረነው እኔ፣ እታለምና ላሟ ነን። የትምህርት ቤት ምዝገባ አልፎኝ ነበር። የሚጫወት ልጅ የለም። እናቴ ናፈቀችኝ። ናፍቆቱ ሆዴን ሲያመኝ እታለም ኮሶ ታይቶብኝ መስሏቸው ያንን መራራ መድኃኒት አጠጡኝ። ለናፍቆት ኮሶ የጠጣሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሥራዬ ጎታ መለቅለቅ ነበር። እታለም እበትና አፈር በውኃ ያቦኩልኛል፤ እኔ በእጄ እየዛቅሁ የተሰነጠቀውን እደፍናለሁ። ጠዋት ላይ እበቱ ሲቀዘቅዝ ጣት ያደነዝዛል። ጎታዎቹ ሦስት ናቸው። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ፣ የክረምቱም ቶሎ ተቋርጦ፣ ሁለቱ ትልልቆቹ ባዶ ነበሩ። በጣቴ ቋ ቋ ሳደርጋቸው ይመልሱልኛል። አፌን ቀዳዳቸው ላይ አድርጌ «ማነሽ?» ስላቸው «ነሽ» ይሉኛል። በዚያ ቤት ውስጥ ያናገርኩትን መልሶ የሚያናግረኝ እነሱ ብቻ ስለነበሩ ወደድኳቸው። ትንሿ ግን ብትመታም፣ ብትጠራም ዝም ናት።

«ይቺ ለምን አትመልስም?»

«ሙሉ ናታ» አሉ እታለም።

«ታዲያ ከሷ ለምን አንበላም?»

«የክፉ ቀን ናት። እንዳትነኪያት።»

ክፉ ቀንን አውቀዋለሁ። አባቴን የወሰደው እሱ ነው።

ነገሩን አሁን ስናገረው አጭር ነው። አባቴ ታደሰ አስተማሪ ነበር። እኔ ክርስትና እንኳን ሳልነሣ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤቱ ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ሬሳውን ያየ የለም። ሞተ ብሎ የነገረን የለም። እንዲህ ላለ ሰው ለቅሶ መቀመጥ ደግሞ ያኔ ራስን ማስወሰድ ነበር። ስለዚህ እናቴ አላለቀሰችም፣ እታለምም አላለቀሱም። እኔ «አባቴ የት ነው?» ስል ሁለቱም የሚሰጡኝ መልስ አንድ ነበር፦ «ክፉ ቀን ወሰደው።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። አገራችን ሰው ምን እየተባለ እንደሚጠራ ታውቃላችሁ። ጎረቤታችን ደግአረገ ይባላሉ። እሳቸው ደግአረገ ከተባሉ ሌላው ሰው ክፉ ቀን የማይባልበት ምን ምክንያት አለ? በዚያ ላይ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እናቴ ሳጥኗ ውስጥ «ለክፉ ቀን ትሆነኛለች» እያለች የብር መስቀል አስቀምጣለች፤ ለሰውየው ሚስት መሆን አለበት ብዬ ነበር። እታለም ደግሞ ገብስ አስቀምጠውለታል። ሁሉም ይፈራዋል፣ ሁሉም ደግሶ ይጠብቀዋል። እኔ የሆነ ባለሥልጣን መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን እየለቀለቅን ሳለ እታለም ሳይጠየቁ ማውራት ጀመሩ። እንዲህ ያለ ነገር አድርገው አያውቁም ነበርና እጄን አቁሜ ሰማኋቸው።

«እናቴ በክፉ ቀን አንቺን ታህል ነበረች» አሉ። «በሬ የሚባል ከዚህ ተራራ እስከ ቆላው አላስቀረም። ወንድሞቿን ሁሉ ፈጃቸው። እሷ ናት ይቺን ጎታ ባዶ እንዳታደርጊ ብላ ያስማለችኝ።»

«እሷ እኔን… እኔን ታህል በነበረች ጊዜ ከነበረ፣ እስካሁን አልሞተም?» አልኩ። ሳስብ አፌ ይተሳሰር ነበር።

«ማ?»

«ክፉ ቀን።»

እታለም ሳቁ። እዚያ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። «እሱ ምን ይሞታል! ዞሮ ዞሮ ይመጣል እንጂ።»

«ሲመጣ እኛ ቤት ይገባል?»

«እግዜር አያምጣው። ከመጣ ግን ባዶ እጃችንን አያገኘንም።»

ይህን ሰምቼ ደስ አለኝ። ይመጣል ማለት ነው። በልቶ ሲጠግብ ደግሞ እጠይቀዋለሁ። ሰው ሲጠግብ ልቡ ይራራል፤ ይህን ከእናቴ አውቄያለሁ። የምለውን በባዶዎቹ ጎታዎች ቀዳዳ እየተናገርኩ አጠናሁ፦ «ጌታዬ፣ ገብሱን ሁሉ ይውሰዱት። አባቴን ግን ይመልሱልኝ።» ጎታዎቹ «ልኝ» ብለው ይመልሱልኛል፤ እኔ እሺ ያሉ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ኅዳር ላይ አቶ ደግአረገ መጡ። በራፉ ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ዘሩንም በላነው፣ እታለም» አሉ። «በሬዬም ቆሞ መሄድ አቃተው። ከቆላ የሚወጣው ሰው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው የሚያወራው።»

«አይዞህ፣ ደግአረገ» አሉ እታለም። «ክፉ ቀን ያልፋል።»

«ያልፋል፣ ያልፋል» አሉ እሳቸውም።

ደነገጥኩ። ያልፋል! ይህን ሁሉ ጠብቄው፣ ይህን ሁሉ አጥንቼ፣ በበራችን አልፎ ሊሄድ! ሁለቱም ደግሞ የተደሰቱበት ይመስላሉ። ጉም በሆነ ቀን ማንም ሳያየው መንገዱን ይዞ ቢያልፍ አባቴን ዳግመኛ የምጠይቀው ማንን ነው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ጠባቂ ሆንኩ። ከቆላው ከአልዩ አምባ የሚወጣው መንገድ በግቢያችን የድንጋይ ካብ ሥር ያልፋል። የእታለምን የሱፍ ባና ተከናንቤ ካቡ ላይ እቀመጣለሁ። ባናው በግ በግ ይሸታል፤ ከጉሙ እየራሰ ይከብደኛል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሣር እየነጩ ያዩኛል፣ አያቸዋለሁ። ግልገሎቹ እናቶቻቸውን ታቅፈው ይሄዳሉ። እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብያለሁ። እንደዚያ ጊዜ ብቸኛ ሆኜ አላውቅም። ደግሞም እንደዚያ ጊዜ ተስፋ አድርጌ አላውቅም።

መጀመሪያ ያስቆምኩት አንድ ባለ አህያ ነጋዴ ነበር። «ክፉ ቀን ነህ?» አልኩት።

«ምላስሽ ይታሰር! ምን ዓይነቷ ሟርተኛ ናት!» ብሎ አህያውን ጠለዛት። አህያዋ ምንም አላደረገችም። አንተ ብዬው ነው የተቆጣው አልኩና ከዚያ ወዲያ አንቱ ለማለት ወሰንኩ።

ክፉ ቀን የመጣ ዕለት ጉሙ ካቡ ድረስ ደርሶ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት የእግር ጎተታ ነው። ቀጥሎ ዱላ። ከዚያ አንድ ረጅም ሰው ከጉሙ ወጣ፤ ጀርባው ላይ ሰው ተሸክሟል።

ሰው ተሸክሟል! ሰው የሚወስደው ክፉ ቀን አይደል? ይኸው፣ የወሰደውን ተሸክሞ መጣ። ፊቱን ለማየት ብንጠራራም በነጠላ ተሸፍኗል፤ ሁለት ቀጫጭን እግሮች ብቻ ተንጠልጥለዋል። ከኋላ አንዲት ሴት የሰውየውን ልብስ ጫፍ ይዛ ትከተላለች። ከካቡ ዘልዬ መንገዱ መሐል ቆምኩ።

«ክፉ ቀን እርስዎ ነዎት?»

ሰውየው አየኝ። ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል። አልተቆጣም። ትንፋሹን እስኪሰበስብ ድረስ ቆየና «አዎ የኔ ልጅ» አለ። «ክፉ ቀንማ እኛው ሆንን።»

«እንዳያልፉ! እኛ ቤት ይግቡ። ገብስ አለ፤ የእርስዎ ነው።»

ሴትዮዋ «ያ አላህ» አለችና ልብሱን ለቃ መንገዱ ላይ ተቀመጠች። እጇን ይዤ ጎተትኳት።

«እታለም!» እያልኩ ነው የገባሁት። «ክፉ ቀን መጣ! ሊያልፍ ሲል ይዤው መጣሁ!»

እታለም እጃቸው ጭቃ እንደ ሆነ ወጡ። ሰውየውን አዩት፤ የተሸከመውን አዩት፤ ሴትዮዋን አዩዋት። ፊታቸው ላይ ምን እንደነበረ ያኔ አልገባኝም። «ቤት ለእንግዳ» አሉ፤ «ግቡ፣ ግቡ።» ሰውየው የተሸከመውን አወረደ። አባቴ አልነበረም። አሮጊት እናቱ ናቸው፤ ነጠላው ሲገለጥ ፊታቸው የጡጫ ያህል ነበር። ቅር አለኝ፤ ግን ሌላ ቦታ አስቀምጦት ይሆናል አልኩ።

እታለም ትንሿ ጎታ ሥር ተንበረከኩ። አማተቡ። ውታፉን ነቀሉ። ገብሱ ሰፌዱ ላይ ሸሸሸ እያለ ወረደ፤ ያ የባሕር ዛፍ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሴትዮዋ ጥሬውን ልትዘግን እጇን ስትሰድ እታለም ያዙዋት። «ቀስ፣ እቴ። አንጀታችሁ ደርቋል። እናቴ ነግራኛለች፤ ያን ጊዜ ረሀቡ ያልገደለውን ጥጋቡ ነው የገደለው።» ቆሉት፣ ፈጩት፣ ቀጭን አጥሚት አደረጉት። በቅል ትንሽ ትንሽ ሰጧቸው። አሮጊቷን ልክ እንደ ሕፃን በጣታቸው አላሷቸው።

እኔ ጥግ ይዤ እጠብቃለሁ። እንግዳ ሳይበላ አይጠየቅም። ሰውየው ቅሉን አስቀምጦ አፉን ሲጠርግ ተነሥቼ ፊቱ ቆምኩ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ።

«አባቴን የት አደረጉት?» አልኩት።

«ምን አልሽ የኔ ልጅ?»

«አባቴን። የወሰዱት እርስዎ ነዎት። ገብሱ የእርስዎ ነው፣ ሁሉንም ይብሉት። እሱን ግን ይመልሱልኝ።»

የእታለም ጭልፋ ድስቱ ውስጥ ቆመ። «አስናቀች፣ ምንድን ነው የምትይው? አባትሽን እኒህ ሰውዬ ወሰዱት ያለሽ ማነው?»

«እርስዎ ነዎታ፣ እታለም! ክፉ ቀን ወሰደው ብለው! እናቴም ብላለች!» ማልቀስ ጀመርኩ።

ሰውየው እታለምን አየ፣ እኔን አየ። እንደገባው ያየሁት ትከሻው ሲወርድ ነው። እጄን በሁለት እጁ ያዘ፤ መዳፉ እንጨት እንጨት ይላል።

«እኔ ሰይድ ነኝ የኔ ልጅ። እሱ አይደለሁም። የኔንም ሁለቱን ልጆች ወስዶብኛል።»

«እርስዎም እየፈለጉት ነው?»

«እኔንስ አግኝቶኛል» አለ።

እታለም ከድስቱ አጠገብ ተነሡ። ነጠላቸውን አውልቀው አዘቅዝቀው ለበሱ። መሬት ላይ ተቀመጡ። «ልጄ ሞቷል» አሉ፤ ለማንም አይደለም የሚናገሩት። «ታደሰ ሞቷል። ከሞተ ቆይቷል። ከዚህ በላይ ምን እጠብቃለሁ?» ያ ቃል እኛ ቤት ተብሎ አያውቅም። ከዚያ ድምፃቸውን አወጡ፤ ያ ለላም እንኳን የማይወጣ ድምፅ፦

«ወጥቶ ቀረ እንጂ ሞተ አላሉኝ፣
ተቀመጪ አልቅሺ ማን ይበለኝ።»

ሴትዮዋ በጉልበቷ እየዳኸች አጠገባቸው መጣች። «ስሙ ማነው አሉን እማማ? ስሙን ይንገሩንና አብረን እናልቅስ። እኛም የኛዎቹን መንገድ ላይ አፈር አልብሰን ነው የመጣን፤ ቁጭ ብለን አላለቀስንላቸውም።»

«ታደሰ» አሉ እታለም። «የናንተስ?»

ሴትዮዋ የሁለት ልጆች ስም ነገረቻቸው። ከዚያ ስሞቹ ተደባለቁ፤ እታለም የሷን ልጆች እየጠሩ፣ እሷ ታደሰን እየጠራች አለቀሱ። ሰይድ መዳፎቹን ዘርግቶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዱዓ አደረገ። አሮጊቷ ምንም ሳይሉ ጉልበታቸውን በእጃቸው ይመቱ ነበር። እኔ የአባቴ ስም ጮክ ተብሎ ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው ይመጣል ብዬ አንድ ጊዜ በሩን አየሁ። ጉም ብቻ ነበር። ያኔ እንደማይመጣ ገባኝ፤ እታለም ጭን ውስጥ ገብቼ እኔም ታደሰ፣ ታደሰ አልኩ።

አሮጊቷ ቀና ብለው መቀመጥ እስኪችሉ ድረስ ከእኛ ጋር ቆዩ። ከዚያ እታለም ስልቻ ሞልተው ሰጧቸው፤ እርዳታ ይሰጣል ወደተባለበት ወደ ደብረ ብርሃን መንገድ ሄዱ። ሰይድ እናቱን አዝሎ ጉሙ ውስጥ ሲገባ ካቡ ላይ ሆኜ አየሁት። አለፉ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ውታፉ ለአቶ ደግአረገ ቤትም፣ ከቆላ ለሚወጣውም ተነቀለ። እኔ መንገድ መጠበቄን ተውኩ። አንድ ጠዋት ትንሿን ጎታ በጣቴ ቋ ቋ አደረግኋት። መለሰችልኝ።

እናቴ ከፋሲካ በፊት መጣች። ከስታለች፤ ልብሷ ሱፍ ሱፍ ይሸታል። ከእታለም ጋር ብዙም አልተነጋገሩም፤ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ስላየች እሷም አልጠየቀች፣ እሳቸውም አልነገሯት። ግንባሬን ስመው «ሂጂ» አሉኝ፤ ለላሟ እንደሚሉት።

አውቶብሱ ሰው ጢም ብሎበት ነበር። እናቴ ጭኗ ላይ አስቀምጣኝ ራሴን ስታሻሸኝ ቆየችና «ምን ስትሠሩ ከረማችሁ?» አለችኝ።

«ለአባዬ ለቅሶ ተቀመጥን» አልኳት።

እጇ አፌን ያዘው። ቀና ብላ ከፊታችን ያሉትን አየች፣ ከኋላ ያሉትን አየች፤ ማንም አልሰማም። እጇን ግን አላነሣችም። መንገዱ ሲያንገጫግጨን፣ ጉሙ መስኮቱን ሲያጥበው፣ አፌን እንደያዘች ቆየች። ከዚያ ነጠላዋን በሁለታችን ላይ ጣለችና፣ በእኛ አገር ስለማንኛውም ለቅሶ የሚጠየቀውን በጆሮዬ ጠየቀችኝ።

«ማን ማን ነበር?»

ከጉሙ የመጡ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። እሷ ግን እጇን ከአፌ አንሥታ ጆሮዋን አስጠጋችልኝ።

«ቤቱ ሞልቶ ነበር» አልኳት።